ብርድ ልብስ የለበሰው ሞኒተር

የቢሮ ኃላፊያችን ሥራ ሲያበቃ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት ነበር። ብርድ ልብሱ እዚያው ደብረ ብርሃን የተሠራ፣ ወፍራምና የሚኮሰኩስ ነው። አልሳቅሁባቸውም ብል ውሸት ነው፤ ግን ከጊዜ በኋላ ለመድኩትና መሳቄን ተውኩ። ደግሞ የደብረ ብርሃን ውርጭ ቀላል አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ድንጋይ ያደርጋል። ቢሯችን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አብሮን የሚሠራው ፈረንጅ ባለሙያ አንድ ጠዋት እጁን እያሻሸ «ብርድ ለዚህ ዕቃ ጥሩ አይደለም» ብሎ ነበር። እሳቸው እንደ ትእዛዝ ያዙት።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግድም። እኔ የበግ እርባታ በሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ፈረንጁ እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ሲከፈት ክዳኑ ላይ ስክሪን አለው፤ ስክሪን ከተባለ። አመድማ መደብ ላይ ግራጫ ፊደል ነው፤ አንገትን ሰበር አድርጎ ከጎን ካላዩት አይነበብም። እኔ ለመድኩት። ሌላው ሰው ግን ዓይኑን አጨንቁሮ አጨንቁሮ ይተወዋል። ስለዚህ ትልቅ ሞኒተር ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የሚገናኝ።

በየጠዋቱ ማገናኘት የእኔ ሥራ ሆነ። ኃላፊው ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ ብርድ ልብሱን ይፈታሉ፣ እኔ ተሸክሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የገመዱ ጫፍ ዘጠኝ ቀጫጭን መርፌዎች አሉት፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካሉት ዘጠኝ ቀዳዳዎች ጋር ገጥመው መግባት አለባቸው። ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ በጣት ይጠብቃሉ። በመጀመሪያ ስታብላይዘሩ ይበራል፤ የከተማው መብራት አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ ስለሚል ያለ እሱ ምንም አይነካም። ከዚያ ሞኒተሩ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የክዳኑ ስክሪን ይጠፋና ጽሑፉ ወደ ሞኒተሩ ይሻገራል፤ ጥቁር ላይ አረንጓዴ ፊደል። በቢሮው ይህን የምናውቅ ፈረንጁና እኔ ብቻ ነበርን። አልክድም፣ ኮርቼበት ነበር። አገሬው ጽሕፈት መኪና እንኳ ሲያይ በሚገረምበት ጊዜ እኔ ኮምፒውተር አበራ ነበር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው የገበሬዎች ዝርዝር ነው። በበጋው መረጃ ሰብሳቢዎች ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባሉ መንደሮች ዞረው፣ ስንት በግ አለህ፣ ስንት በሬ፣ ቤትህ ውስጥ ስንት ወንድ አለ፣ ዕድሜው ስንት ነው እያሉ ጠይቀዋል። የተጠየቀው ለጥናት ነው። ገበሬው ግን እንዲያው ጠይቆ ብቻ የሚሄድ መንግሥት አይቶ አያውቅም። ወዲያው ወሬ ተነዛ፤ ዲቃላ አውራ በግ የሚታደለው ጉልበት ላለው ቤት ነው፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ለሌለው አይደርሰውም ተባለ።

በእኛ አገር የበግም የልጅም ቁጥር በትክክል አይነገርም፣ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ዐሥር በግ ያለው ስድስት ይላል። በጉን በልማድ ቀነሱ፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ ደግሞ ለአውራ በጉ ብለው ጨመሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቅጹን ሲያይ ይገባዋል። ፈረንጁ ግን አያውቅም፣ ኮምፒውተሩም አያውቅም።

ቅጾቹን የማስገባው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የአባቴ ቅጽ ደረሰኝ፤ ቤታችን ከአንኮበር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። በግ ሰባት ይላል፤ ዐሥራ አንድ እንደነበሩ አውቃለሁ። ወንድ ልጅ አንድ፣ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት። ወንድሜ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፤ እሱ ሲወለድ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ዐሥራ ስምንት ብዬ አስገባሁት። ሥራዬ ቅጹ ላይ ያለውን ማስገባት ነው፤ ማረም አይደለም።

ለፋሲካ ቤት ስሄድ አባቴን ነካካሁት።

«አባዬ፣ ልጅህን በአንድ ጀንበር ጎረምሳ አደረግኸው አይደል?»

«ዝም በይ አንቺ» አለ እየሳቀ። «እግሩን አታዪም? የእኔ ጫማ ጠቦታል። ዐሥራ ስምንት ነው ቢባል ማን ይከራከራል?»

«መንግሥት ነዋ።»

«መንግሥት የጠየቀው ስለ በግ ነው። ከሰጠን ይስጠን፤ ካልሰጠንም ምን ይቀርብናል።»

ወንድሜ አጠገባችን ተቀምጦ የገብስ ቆሎ ይቆረጥማል። «ዐሥራ ስምንት ከሞላኝማ ሚስት ፈልጉልኝ» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። አውራ በጉ ግንቦት ላይ መጣ። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ አሳየው።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ፈረንጁ ለእረፍት አገሩ በሄደበት ሰሞን፣ ከአውራጃ አንድ ጓድ ቢሯችን መጣ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ከኃላፊው ጋር በር ዘግተው ከተነጋገሩ በኋላ እኔ ተጠራሁ። ነገሩ አጭር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተደልድሏል። ሊቀመንበሮቹ የዘመድ ልጅ እየደበቁ የድሃውን ይልካሉ። የእኛ ማሽን ግን ዘመድ የለውም። ስለዚህ በማግስቱ ሦስት ሊቀመንበሮችን ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ወንዶች መርጦ ያሳያቸዋል።

«የማተሚያው ሪባን አልቋል» አልኩ።

«ወረቀት አንፈልግም። ያሳየን እንጂ እኛ እንገለብጠዋለን» አለ።

ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው ወንድሜ ትዝ ያለኝ። መፍትሔውም አብሮ ታየኝ። 18 የሚለውን 15 ማድረግ ነው፤ አንድ ቁጥር። ውሸት እንኳ አይደለም፣ እውነቱን መመለስ ነው። ኮምፒውተሩም ከሞኒተሩ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ጠዋት ግን እንግዶቹ ሳይመጡ ኃላፊውን ቀድሜ አስከፍታቸዋለሁ አልኩ። የሌሎቹ አባቶች ልጆችም ዕድሜ ተጨምሮላቸዋል። ስለ እነሱ አንድም ነገር እንዳላሰብኩ አስታውሳለሁ። መፍራት ነበረብኝ፣ አልፈራሁም። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ነበር። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። ኃላፊው የመጡት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በአንድ መኪና ከጓዱ ጋር። ሊቀመንበሮቹ ከኋላ ተጭነዋል። አንደኛው የእኛ መንደር ሰው ነበር። «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። ሁሉም አንድ ላይ ገቡ፤ ቁም ሳጥኑ በፊታቸው ተከፈተ። ቁጥሩን የማርምበት ጊዜ አለፈ።

የዚያን ዕለት ብርድ ልብሱ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ኃላፊው እንግዳ ይመጣል ብለው ነው መሰለኝ ከወትሮው አጥብቀው፣ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዙረው አስረውታል። ቋጠሮው ለመፍታት አስቸገራቸውና በጥርሳቸው ፈቱት።

ገመዱን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ስታብላይዘሩን፣ ሞኒተሩን፣ ኮምፒውተሩን አበራሁ። ዲስኩን ከተትኩ። ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ። የክዳኑ ስክሪን ጠፋ። ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለ ጓዱ።

«አላወቅሁም። ልየው።»

ትንሿ አረንጓዴ መብራት በርታለች፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ደርሶታል። ገመዱን ነቅዬ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የተጣመመ የለም። መልሼ ገጠምኩ። ሁሉንም አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ በተራ አበራሁ። የስታብላይዘሩ ቆጣሪ ልክ ነው። ቁልፎቹን ስጫን ጽሑፉ ወደ ክዳኑ ይመለሳል፤ ዝርዝሩ አለ። ደግሜ ስጫን ይሄዳል፤ ሞኒተሩ ላይ ግን አይደርስም። አምስት ሰዎች ከጀርባዬ ቆመው አንገቴ ላይ ይተነፍሳሉ።

ያኔ ደስ አለኝ። እውነትም ተበላሽቷል፣ ያበላሸሁትም እኔ አይደለሁም። ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም።

ኃላፊው ደነገጡ። «ግድ የለም ጓድ፣ እሷ ከትንሹ ላይ ታንብብልን፣ እነሱ ይጻፉ» አሉ። ይህማ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ የእኛን መስመር ዘልዬ አነባለሁ። ጓዱ ግን ጎንበስ ብሎ የክዳኑን ስክሪን አየ፣ ከግራ ሞከረ፣ ከቀኝ ሞከረ። «ለእኔ ምንም አይታየኝም» አለ። «በዓይኔ ያላየሁትን ዝርዝር ደግሞ አልፈርምበትም። ይቅር። ኮታው እስከ ዓርብ መሙላት አለበት፤ ሊቀመንበሮቹ በለመዱት መንገድ ይላኩ። ማሽኑን ፈረንጁ ሲመለስ ይሥራው።»

በለመዱት መንገድ ማለት የእኛ መንደር ሊቀመንበር ይመርጣል ማለት ነው። ሰውየው ደግሞ የወንድሜን ክርስትና በልቷል፣ ዕድሜውን ያውቃል። ወንድሜ ተረፈ ማለት ነው። ዝም ብዬ ገመዱን መንቀል ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጓዱ ወደ በሩ እየሄደ «ለነገሩ ጸሐፊ ናት፣ ምን ታድርግ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ሊያጽናናኝ ይመስለኛል። ኃላፊው ግን ተቀበሉና «እውነት ነው ጓድ፣ ፊደል መምታት እንጂ ሌላውን እሷ የት ታውቀዋለች» አሉ።

ደሜ ፈላ። ሞኒተር በብርድ ልብስ የሚጠቀልሉ ሰውዬ! ማገናኘት ይቅርና ሶኬቱን እንኳ እየፈሩ ነው የሚነኩት። ልመልስላቸው ዞር ስል ጠረጴዛው ላይ የተጣለው ሲባጎ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። በሞኒተሩ ግንባር፣ ከታች በኩል፣ የሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ የምትመስል ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር አለች፤ ብርሃኑን የምትጨምርና የምትቀንስ። ሲባጎው በላይዋ ሲጎተት እስከ ጥጉ አዙሯታል። ሞኒተሩ ደህና ነው። ጽሑፉም እዚያው አለ፤ ብርሃኑ ዜሮ ላይ ስለሆነ ነው የማይታየው።

እጄን ሰድጄ አዞርኳት። አረንጓዴው ፊደል ከጥቁሩ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ።

እጄ ከልቤ ቀድሞ ነው እያልኩ ለብዙ ዓመት ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። እንዲያ አልነበረም። አውቄ ነው ያዞርኩት። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ከወንድሜ ይልቅ የኃላፊው ንግግር በለጠብኝ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ኃላፊው። ምን እንዳሉ እሳቸው ያውቃሉ። ጓዱ ከበሩ ተመለሰ። «ጎበዝ!» አለኝ። ቀረብኝ የምለው ነገር ቢኖር ያች «ጎበዝ» ነበረች፤ ስትመጣም ጣዕም አልነበራትም።

ዕድሜ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። መስመሮቹ በተራ ወረዱ። የአባወራ ስም፣ የወንድ ልጅ ዕድሜ። ጓዱ በጣቱ እየነካ ያነባል፣ ሊቀመንበሮቹ ይገለብጣሉ። ከእኛ መንደር አምስተኛው መስመር የአባቴ ነበር። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ይሄ እንኳ ልጅ ነው ጓድ። ጢም አላወጣም። የዚችው የጸሐፊዋ ወንድም ነው።»

«አየህ፣ ደግሞ ጀመርክ» አለ ጓዱ። ወደ እኔ ዞረ። «ማሽኑ ይሳሳታል?»

አምስቱም አዩኝ። ይሳሳታል ብል ውሸት ነው። አባቴ ነው የዋሸው ብል መንግሥትን አታለለ ብለው ያስሩታል፤ እኔም እያወቅሁ አስገብቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ያኔ አስቤዋለሁ ብል ግን ለራሴ ማድላት ነው። ገና የመዘውሯ ሙቀት አልወጣልኝም፣ ገና ባለሙያ ነበርኩ።

«ማሽኑ አይሳሳትም ጓድ» አልኩ።

«በል ጻፍ» አለው።

ሊቀመንበሩ እኔን አየት አድርጎ ጻፈ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ጨርሰው ሄዱ። እኔ በተራው አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ። ምሳ ሽሮ በላሁ። የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ልቅሶ ወይም ማቅለሽለሽ። ምንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዎች ጻፍኩ፤ አንድም ስህተት አልነበረባቸውም።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና በየቀኑ ነበር። በሹፌሩ መልእክት መላክ፣ አልያም ራሴ መሄድ እችል ነበር፤ ልጁን ለጥቂት ቀን ወደ ቆላ አውርዱት ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቅዳሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ወሰዱት።

አባቴ ስንቅ ይዞ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ተከተለ። ሲደርስ መኪኖቹ ሄደዋል። ስንቁን እንደያዘ ቤቴ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ለበግ ብዬ» አለ። እኔም ውሃ ሰጠሁት።

አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከማሠልጠኛ። ብርዱ ከእኛ አገር ይሻላል ይላል። ከዚያ ዝም አለ። መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ ሁሉ በሰሜኑ መንገድ፣ በጣርማ በር በኩል፣ በባዶ እግሩ እየተንጠባጠበ ወረደ። አባቴ ሦስት ሳምንት መንገድ ዳር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ፊት አየ። ወንድሜ አልነበረበትም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም።

አባቴ አንድም ቀን እኔን አልጠረጠረም። ሊቀመንበሩም ስሙን በእጁ የጻፈው ራሱ ነውና በቢሮው ያየውን አላወራም። ይልቁንም በየዓመት በዓሉ፣ ሰው ባለበት፣ «እሷ እዚያው ቢሮ ነበረች» ይል ነበር። «ብታውቅ ኖሮ በሌት ትደርስልን ነበር። ከእሷ ተደብቆ ነው የተሠራው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጄን በአፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ሰዎቹ ወደ እኔ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ኀዘን ይመስላቸዋል።

ሲያረጅ ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። ልጄን በአውራ በግ ለወጥሁ አላቸው። ቄሱ የዕድሜውን መድከም አይተው ቀለል አደረጉለት፤ በዐቢይ ጾም በየቀኑ አርባ ስግደት። እኔ ፈቃድ ወስጄ ልረዳው ሄድኩ። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ሲሰግድ ብቻውን ይሰግዳል፣ ለመነሳት ግን ሰው ይፈልጋል። በክንዱ ይዤ አነሳዋለሁ። ቀላል ነበር፣ አጥንት ብቻ። በየመሀሉ ቁጥሩ ይጠፋበትና እኔን ይጠይቀኛል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አባቴ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ እያየኝ ነው።

«ስንት ሆነ ልጄ?» አለኝ።

«ሠላሳ ሁለት» አልኩት። «ስምንት ቀረህ።» አነሳሁት፤ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቄ ክንዱን ለቀቅሁለት፤ ሰገደ።